ያላለቀ ተከላ፦ የቤታችን ራውተርና ሁለቱ የይለፍ ቃሎች

ዛሬ የምናወራው በየሳሎኑ ጥግ፣ ብዙ ጊዜም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ መብራቱ ብልጭ ድርግም ስለሚለው ሣጥን፣ ስለ ራውተር ነው። ቴክኒሻኑ መጥቶ መስመሩን ይዘረጋል፣ ሣጥኑን ይሰካል፣ በአንድ ስልክ ላይ ኢንተርኔት መሥራቱን ያሳያል፤ እኛም ፈርመን እናሰናብተዋለን። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ነቅሎ መልሶ ከመሰካት በስተቀር፣ በብዙ ቤት ራውተሩን የሚነካው የለም። እኔ ግን አረንጓዴው መብራት በርቶ ቴክኒሻኑ ሲወጣ ተከላው ገና አላለቀም እላለሁ። ሣጥኑ ከፋብሪካ የወጣው ለማንም ቤት እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ ለየትኛውም ቤት በልኩ አልተስተካከለም። ቀሪው ሥራ የባለቤቱ ነው። መሐንዲስ መሆንን አይጠይቅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ችግሩ ግን ሥራውን የምንጀምር ሰዎችም ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከተሳሳተው ጫፍ መሆኑ ነው፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀይረን ጨረስን እንላለን። ከእሱ የሚቀድም ሌላ የይለፍ ቃል አለ። ለምን እንደሚቀድም በማስረጃ ላሳያችሁ። በዝግጅቱ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ራውተር ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ራውተር የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ሶፍትዌር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪንና ኪቦርድ ስለሌለው ብቻ ኮምፒውተርነቱ አይታየንም። ከውጭ የሚገባው መስመር አንድ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን የእናት ስልክ፣ የልጆች ታብሌት፣ ላፕቶፑ፣ ስማርት ቴሌቪዥኑ፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ የግቢው ካሜራ አለ። ራውተሩ ለእያንዳንዳቸው የቤት ውስጥ አድራሻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ነው። ይህ የቁጥር ክልል በ1996 በወጣው ደንብ ለግል ኔትወርኮች የተከለለ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ያለ ቤትና ዋሽንግተን ያለ ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጠቀሙ አይጋጩም። ከየስልኩ የሚወጣው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ሣጥን ያልፋል፤ መልሱም በዚሁ በኩል ተመልሶ ለጠያቂው ይደርሳል። ከዚህም ሌላ አንድ ሥራ አለው። የአንድን ድረ ገጽ ስም ስንጽፍ፣ ያ ስም የትኛው የቁጥር አድራሻ እንደሆነ የሚነግረን ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ነው፤ ስልካችን የትኛውን ዲኤንኤስ እንዲጠይቅ የሚያመለክተው ደግሞ ራውተሩ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ወደ ሁለቱ የይለፍ ቃሎች እንምጣ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀን የዋይፋይ ፓስዎርድ ነው። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ሴቲንግ የሚያስገባው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ነው። የመጀመሪያው የግቢ በር ቁልፍ ከሆነ፣ ሁለተኛው የቤቱ ካርታ ነው፤ ካርታውን የያዘ ሰው ቁልፉን ራሱን መለወጥ ይችላል። የዋይፋዩ ቃል ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ወደ ሴቲንጉ የገባ ሰው ቃሉን ያነበዋል፣ ይቀይረዋል፣ ወይም ጭራሽ ያጠፋዋል። ይህ የአስተዳዳሪ ቃል ግን በብዙ ቤት ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ነው ያለው። በብዙ ሞዴሎች ላይ፣ በተለይ በቆዩት፣ የተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም «አድሚን» የሚል ያው አንድ ቃል ነው፤ የየሞዴሉ ዝርዝርም ማንም ሊያገኘው በሚችል መልኩ ኢንተርኔት ላይ አለ። ስለዚህ የዋይፋይ ቃላችንን የሰጠነው እንግዳ፣ ተከራይ ወይም የጎረቤት ልጅ ሁሉ፣ ከፈለገ የካርታው ባለቤት መሆን ይችላል። ሰው ባይገባም፣ ከልጆቻችን ስልክ ባንዱ ላይ የተጫነ መጥፎ አፕሊኬሽን ከውስጥ ሆኖ ያንኑ የታወቀ ቃል ሊሞክረው ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ፍርሃት አይደለም። በ2016 ሚራይ የሚባል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ዓለምን ዞረ። አሠራሩ ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። በኢንተርኔት ላይ ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ እያንኳኳ፣ ፋብሪካዎች የሚያስቀምጧቸውን 60 ያህል የታወቁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች ይሞክር ነበር፤ ያ ብቻ ነው። በዚህ ቀላል ዘዴ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ካሜራዎች፣ የቪዲዮ መቅጃዎችና ራውተሮች በእጁ ገቡ። እነዚሁ መሣሪያዎች ኦክቶበር 21 ቀን 2016 በአሜሪካ ዳይን በተባለው የዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ በአንድነት ጥያቄ እንዲያዘንቡ ታዘዙ፤ ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ስፖቲፋይን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ከዚህ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አላወቁም። ካሜራው ይቀርጽ ነበር፣ ራውተሩ ያገናኝ ነበር፣ መብራቱም አረንጓዴ ነበር። ሌላ ሰው ግን በእነሱ መስመር በሰው ላይ ዘመተ።

ብራዚል ውስጥ የሆነው ደግሞ ኪስ ድረስ የገባ ነው። በ2011ና በ2012 ወንጀለኞች በአንዳንድ ሞደሞች ሶፍትዌር ውስጥ የነበረን ክፍተት ተጠቅመው ከውጭ ገቡ፣ የአስተዳዳሪውን ቃል ቀየሩ፣ የዲኤንኤሱንም አድራሻ በራሳቸው ተኩ። የተነኩት ሞደሞች ቁጥር 4.5 ሚሊዮን እንደደረሰ ተዘግቧል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አስታውሱ። ዲኤንኤሱ የወንጀለኛው ከሆነ፣ ሰውየው የባንኩን ስም አንድ ፊደል ሳይሳሳት ጽፎ የሚደርሰው ግን ባንኩን መስሎ የተሠራ ገጽ ላይ ነው። ስልኩን ቢያጸዳ፣ ላፕቶፑን በፀረ ቫይረስ ቢያስፈትሽ ምንም አያገኝም፤ ምክንያቱም የተነካው ስልኩም ላፕቶፑም አይደለም። ከሁሉም በፊት የሚያልፉበት ሣጥን ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ አድማጭ ሊሞግተኝ ይችላል። «የዛሬ የባንክ አፕሊኬሽኖችና ድረ ገጾች መልእክታቸውን ይመሰጥራሉ፤ የሐሰት ገጽ ሲመጣ ስልኩ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ የራውተሩ ጉዳይ ያለፈበት ነው» ይለኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ምስጠራው በእርግጥ ከ2012 ወዲህ በጣም ተስፋፍቷል፤ በዚህም ብዙ ጥቃት ከሽፏል። ሌላው ግማሽ ግን አይዘልቅም። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው አንብቦ ለሚያቆም ሰው ነው፤ ቸኩሎ «ቀጥል» የሚለውን ለሚነካ ሰው አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ እንደ ርካሽ ካሜራ ያሉ መሣሪያዎች ከስልካችን ያነሰ ጥበቃ ነው ያላቸው፤ ለሚራይ እጅ የሰጡትም እነሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ የእኛ ገንዘብ ባይነካ እንኳ መስመራችን ለሌላ ወንጀል መሣሪያ ከሆነ፣ በመዝገብ ላይ የሚገኘው አድራሻ የእኛ ነው። «እኔ ምን የሚሰረቅ ነገር አለኝ?» ለሚለውም መልሴ ይኸው ነው፤ የሚሰረቀው መስመሩና አድራሻው ነው፣ እሱ ደግሞ ሁላችንም አለን።

ታዲያ እንዴት ይገባል? ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ ሳለ ብራውዘር ትከፍታላችሁ፤ ክሮምም ይሁን ሌላ። ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ የራውተሩን ቁጥር ትጽፋላችሁ። በብዙዎቹ 192.168.1.1 ነው፤ በአንዳንዶቹ 192.168.0.1፣ በአንዳንድ የፋይበር ሣጥኖች ደግሞ 192.168.100.1። ትክክለኛው ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስሙና የመጀመሪያው የይለፍ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቱ ከተፋቀም ስልካችሁ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ነክታችሁ ዝርዝሩን ስታዩ፣ «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» በሚለው ትይዩ ያለው ቁጥር እሱ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሰሙን፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ የሣጥኑን ሴቲንግ የምታገኙት በአቅራቢው የስልክ አፕሊኬሽን በኩል ሊሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት ነገር ግን ያው ነው። ገጹ ሲከፈት «አስተዳደር» ወይም «ሲስተም» በሚለው ክፍል ውስጥ የአስተዳዳሪውን ቃል ቀይሩ። ከዚያው ሳትወጡ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ካገኛችሁ፣ ማለትም ሣጥኑን ከቤት ውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለውን፣ መዘጋቱን አረጋግጡ። ከቤት ውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚያስፈልገው ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ነው።

«ባበላሸውስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ በጥሞናም ሊመለስ ይገባዋል። ብዙ ሰው «ከተበላሸ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ነው» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ጎደሎ ነው። ሪሴት ሣጥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሲመልሰው፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ መስመሩ እንዲሠራ ያስገባውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። ያኔ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፤ አቅራቢውን እየደወሉ መለመን ይመጣል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የሴቲንጉን ገጾች አንድ በአንድ በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው፤ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚለውን ክፍል በተለይ አትለፉት፤ የተጠቃሚ ስሙንም ጻፉት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የቱ እንዳበላሸው መፈለግ ነው ሰውን የሚያስመርረው፤ በቅደም ተከተል ለሚሄድ ሰው ግን የማይመለስ ስሕተት የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋይፋዩ ራሱ እንለፍ። በገመድ አልባው ክፍል ውስጥ «ሴኩሪቲ» የሚል ምርጫ አለ፤ ስሞቹ ሊያደናግሩ ይችላሉ፣ ታሪካቸው ግን ምርጫውን ያቀልለዋል። የመጀመሪያው ደብልዩኢፒ ይባላል፤ በ2001 ድክመቱ በጥናት ታየ፣ በ2007 ደግሞ የጀርመኗ ዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሰበሩት። ይህን ምርጫ ካያችሁ አትምረጡት። በ2004 የመጣው ደብልዩፒኤ 2 ዛሬም አብዛኛውን ቤት ይጠብቃል። በ2017 የቤልጅየሙ ተመራማሪ ማቲ ቫንሁፍ በእሱም ላይ ቀዳዳ አገኘ፤ ቀዳዳው በሶፍትዌር ማሻሻያ የሚደፈን ነበር፣ በ2018ም ደብልዩፒኤ 3 ወጣ። ራውተራችሁ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ ምርጫ ካለው እሱን ውሰዱ፤ የቆዩ ስልኮችም አይቀሩባችሁም። ከሌለው ደብልዩፒኤ 2 ኤኢኤስ ከሚባለው ምስጠራ ጋር በቂ ነው፤ በቂ የሚሆነው ግን የይለፍ ቃሉ ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው።

አገራችን ውስጥ በሰፊው የሚታየው የዋይፋይ ቃል ደግሞ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። በቀላሉ ይታወሳል፣ 10 አኃዝ ስለሆነም ረጅም ይመስላል። እስቲ እንመርምረው። የሞባይል ቁጥራችን በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ ስለዚህ የማይታወቁት 8 አኃዞች ብቻ ናቸው። 8 አኃዝ 100 ሚሊዮን አማራጭ አለው፤ ሁለቱንም መነሻ ብንቆጥር 200 ሚሊዮን። ደብልዩፒኤ 2 አንድ ባሕርይ አለው፦ በአቅራቢያ ያለ ሰው አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት ከአየር ላይ ቀድቶ ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቤታችሁ አጠገብ መቆም ሳያስፈልገው በኮምፒውተሩ ይገምታል። ለቪዲዮ ጨዋታ የሚሸጥ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ግምቶችን ይፈትሻል። 400 ሺህ ብንል እንኳ 200 ሚሊዮኑ በሙሉ ከ9 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። «በኛ ሰፈር ማን ይህን ያህል ይለፋል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ማንም አይለፋም፤ መልፋትም አያስፈልገውም፤ የእናንተን ስልክ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ከ1 እስከ 8 ተከታትሎ የተጻፈ ቁጥርና የልጅ ስም ከትውልድ ዓመት ጋርም ከዚህ አይሻሉም።

መድኃኒቱ እንግዳ ምልክቶችን መደርደር አይደለም፤ ርዝመት ነው። እርስ በርሳቸው የማይያያዙ አራት የአማርኛ ቃላትን በዘፈቀደ ምረጡና በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፏቸው፤ ለምሳሌ ጀበና፣ ድልድይ፣ ማክሰኞ፣ ዝንጅብል። ይህን አሁን በሬዲዮ ተናግሬዋለሁና የራሳችሁን ፈልጉ። ቃላቱ ከ5 ሺህ የተለመዱ ቃላት መካከል በእውነት በዕጣ ከተመረጡ፣ ሊሆኑ የሚችሉት ጥምረቶች 625 ትሪሊዮን ናቸው። ያው የግራፊክስ ካርድ በዚያው ፍጥነት ሁሉንም ልሞክር ቢል ወደ 50 ዓመት ይፈጅበታል። ለእንግዳ መንገር ይቀላል፣ ማስታወስም አይከብድም። የተረት መነሻ፣ የታወቀ ዘፈን ስም ወይም የጸሎት መጀመሪያ ግን አይሁን፤ በዕጣ ያልተመረጠ ቃል ስሌቱን ያፈርሰዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሰዎች የሚተማመኑባቸው፣ ግን ጥበቃ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ደብልዩፒኤስ የምትባለው አንዷ ናት፤ 8 አኃዝ ያላት ቁጥር አስገብቶ ወይም ቁልፍ ተጭኖ በቀላሉ የሚያገናኝ ዘዴ ነው። በ2011 መጨረሻ ላይ ሽቴፋን ፊቦክ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ራውተሩ ቁጥሩን የሚፈትሸው ለሁለት ከፍሎ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝም ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ መሞከር ያለበት 11 ሺህ ቁጥር ብቻ ነው። አራቱን ቃላት በጥንቃቄ መርጣችሁ ይህቺን ክፍት ብትተዉ ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል፤ ዝጓት። የዋይፋዩን ስም መደበቅም ብዙ ሰው የሚመካበት ነው። የተደበቀ ስም ግን ማንም በነፃ በሚያገኘው ሶፍትዌር ይታያል፤ ይባስ ብሎ ስልካችሁ በሄደበት ሁሉ ያንን የተደበቀ ስም እየጠራ ሊፈልገው ይችላል። ስሙ ይታይ፤ የቤተሰባችሁን ስምና የቤት ቁጥራችሁን ብቻ አትጻፉበት።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ቴክኒካዊ አይደለም። ጎረቤት ወይም የግቢ ተከራይ «ዋይፋይ አጋሩኝ» ሲል መከልከል ነውር ነው የሚል ስሜት አለን፤ ስሜቱ ክፉ አይደለም፣ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ወርኃዊውን ክፍያ ተካፍለው መጠቀማቸው ለብዙ ቤተሰብ ኢንተርኔት የማግኛ ብቸኛው መንገድ ነው። ራውተሩ ለዚህ መልስ አለው። «ጌስት ኔትወርክ» የሚል ምርጫ አብዛኞቹ የዛሬ ራውተሮች አላቸው፤ የራሱ ስምና የራሱ ቃል ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ይከፍታል። በእሱ የገባ ሰው ኢንተርኔቱን ያገኛል፤ የእናንተን ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና ካሜራ ግን አያይም፤ በአግባቡ ከተሠራም የራውተሩ ሴቲንግ ገጽ አይከፈትለትም። አንዳንዶቹ ላይ ፍጥነቱንም መገደብ ይቻላል፤ ተከራዩ ፊልም ሲያወርድ የልጃችሁ የኦንላይን ትምህርት አይቆራረጥም። ተከራዩ ሲለቅ የምትቀይሩት የጌስቱን ቃል ብቻ ነው። ልግስናና ጥንቃቄ እዚህ ላይ አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው አንድ ቃል ለሁሉም ሰው መስጠት ነው። ካሜራውንና ስማርት ቴሌቪዥኑን ራሳቸውን በጌስቱ ላይ ማድረግ ደግሞ ከሚራይ ታሪክ የሚወሰድ ጥሩ ልምድ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ «ቀርፋፋው መስመሩ ነው» የሚለው ክስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ሁልጊዜ ስሕተትም አይደለም። መለየት ይቻላል። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ፍጥነቱን ለኩ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ገብታችሁ በዋይፋይ ለኩ። በገመድ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከተጎተተ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ከዘገዩ አቅራቢውን በልበ ሙሉነት ጥሩት፣ ማስረጃ ይዛችኋል። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። ይህን ዝግጅት በኤፍኤም የምትሰሙ ከሆነ ሞገዱ 100 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ርዝመቱም 3 ሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው ዋይፋይ ግን 2,400 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ ርዝመቱም 12 ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ። እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ ከቆርቆሮ ላይ ይነጥራል፣ በብረት በተሠራ ኮንክሪት ይዳከማል፣ ውኃም ይውጠዋል። ስለዚህ ከፍሪጅ ኋላ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከውኃ ታንከር ጎን የተቀመጠ ራውተር ገና ከመነሻው ተሸንፏል። ከፍ ብሎ፣ ከቤቱ መካከል ቀረብ ብሎ፣ ሳይሸፈን መቀመጥ አለበት። መስመሩ የገባበት ጥግ ለቴክኒሻኑ ይመቻል እንጂ ለቤቱ አይመችም፤ ገመዱን ትንሽ አርዝሞ እንዲያስገባላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ከመሄዱ በፊት ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በአንድ ብሎክ ውስጥ በርካታ ቤተሰብ አለ፤ እያንዳንዱ ራውተር ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያስተላልፋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ ከ1 እስከ 13 ቢቆጠሩም እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሁሉም 1 እና 6 ላይ ከሆነ እኔ 3 ላይ ልሁን» ብሎ ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ፤ 3 ላይ ያለው ግን ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ለይቶ ሊያነበው አይችልም፣ ጩኸት ብቻ ይሆንበታል፤ ለእነሱም እንዲሁ። ራሱንም ጎረቤቱንም ይጎዳል። ከሦስቱ ብዙ ያልተጨናነቀውን ምረጡ፣ የቻናሉንም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ሰፋ ማድረግ በተጨናነቀ ብሎክ ውስጥ ፍጥነት አይጨምርም። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ለኮንዶሚኒየም የተሻለው እሱ ነው። ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም፤ የጎረቤታችሁም አያልፍምና ድክመቱ እዚህ ጥቅም ይሆናል።

«ይህን ሁሉ መሥራት የነበረበት አምራቹና አቅራቢው አይደለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው ነው፤ እኔም በአብዛኛው እስማማለሁ። አንዳንድ አገሮችም ተስማምተዋል። በካሊፎርኒያ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ለእያንዳንዱ የተለየ የይለፍ ቃል ይዞ እንዲወጣ ወይም ባለቤቱ መጀመሪያ ሲጠቀም እንዲቀይር የሚያስገድድ እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ብሪታንያም ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመትና ለሁሉም አንድ የሆነን የፋብሪካ ቃል በሕግ ከልክላለች። ይህ ተገቢው አቅጣጫ ነው፤ ሸማቹ ሁሉ የኔትወርክ ባለሙያ እንዲሆን መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የሚነካው ወደፊት የሚሸጠውን ነው፤ ዛሬ ሳሎናችን ያለው ሣጥን ከእነዚያ ሕጎች በፊት የተሠራ ወይም ለሌላ ገበያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን አምራቹን መጠየቅም የራስን ቃል መቀየርም ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሶፍትዌር ማሻሻያን በአጭሩ ልጥቀስ። በግንቦት 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500 ሺህ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መያዙ ተገለጠ፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰው ሁሉ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ማጥፋትና ማብራት የተንኮሉን ከፊል ብቻ ነበር የሚያስወግደው፤ በር የሚዘጋው ማሻሻያው ነው። በሴቲንጉ ውስጥ «አፕዴት» ወይም «አፕግሬድ» የሚለው በራሱ የሚሠራ ከሆነ ክፈቱት። በእጅ የሚሠራ ከሆነ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት አድርጉት፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ሣጥኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። አምራቹ ማሻሻያ መላኩን ካቆመ ዓመታት ያለፉት ሣጥን ግን ቢሠራም ጊዜው አልፏል።

አዲሱን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ከሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ከኢንተርኔት ለሚመጣ ሌባ ያ ወረቀት አይታየውም። አሮጌውን ራውተር ለዘመድ ስትሰጡ ወይም ስትሸጡ ደግሞ፣ ሪሴት የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሣጥኑ በርቶ ሳለ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና ሲበሩ የመስመራችሁ የተጠቃሚ ስም፣ የዋይፋያችሁ ቃልና የተገናኙት ስልኮች ዝርዝር ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ ብቻ ከቤት ይውጣ።